የተማረ ማን ነው?

ለዚህ የበዓል መጽሔት ስለ ምን እንጻፍ ስንል፥ በክፍላችን የሆነ አንድ ነገር ትዝ አለን። አንዱ ተማሪ በጠብ መካከል ጓደኛውን «መሃይም!» ብሎ ሰደበው። የታሪክ መምህራችን ሁለቱን ከገላገሉ በኋላ «የዚህን ቃልና የዘመዶቹን ሥር ፈልጋችሁ አምጡ» አሉን። እኛም ከወልድያ፥ ከመርሳና ከሀብሩ ገጠሮች የመጣን ተማሪዎች ቃላቱን ተካፍለን መረመርን።

«መሃይም» የመጣው «መሃይምን» ከሚለው የግዕዝ ቃል ነው፤ ትርጓሜውም የሚያምን፥ ምእመን ማለት ነው። ካህን ያልሆነው ሕዝብ በዚህ ስም ሲጠራ ኖረ፤ ኋላ ግን ስሙ ያልተማረ ማለት ሆነ፥ ወደ ስድብም ወረደ። «ጨዋ» የሚለውም ሁለት ፊት አለው። በቤተ ክህነት ቋንቋ ያልተማረ ማለት ሲሆን፥ በሰፈርና በገበያ ግን አደብ ያለው፥ ሰው አክባሪ ማለት ነው።

ወደ ምስጋናው ስም ብንሻገር፥ «ሊቅ» በግዕዝ ሽማግሌና አለቃ ማለት ነው። «ሼህ» የተባለው የዐረብኛ ቃልም መነሻው ሽማግሌ ነው። ሁለቱም ዕውቀትን ከዕድሜ ጋር አስተሳሰሩት። «ምሁር» ግን ሌላ ሰው ያስተማረው ማለት ስለ ሆነ፥ በውስጡ ሁልጊዜ አንድ መምህር አለ። ብሉዩን፥ ሐዲሱን፥ ሊቃውንቱንና መነኮሳቱን፥ አራቱን ጉባኤ የዘለቀ «አራት ዓይና» ይባላል። «ዐዋቂ» ሲባል ግን መጠንቀቅ ያሻል፤ ጥበበኛውም፥ ለአካለ መጠን የደረሰውም፥ ጠንቋዩም በዚሁ ስም ይጠራሉና።

አገራችን ለእነዚህ ቃላት ባዕድ አይደለችም። ዋድላ ከጎጃሞቹ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር በቅኔ ቤትነቱ የታወቀ ነው። በየጁ ያለው ዳና ደግሞ ደረሳ የሚሰበሰብበት ስመ ጥር የእስልምና ትምህርት ቦታ ነው። የወሎ ዑለማ መንዙማን በአማርኛ ገጥመው በዐረብ ፊደል ጽፈዋል፤ ይህም አጻጻፍ አጀም ይባላል።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረውና ኋላ በ15 ቋንቋዎች የተሰጠው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ለብዙ ሰው ዐይን እንደ ከፈተ ማንም አይክድም። ነገር ግን ሰውን ሁሉ ፊደል የቈጠረና ያልቈጠረ ብለን በሁለት ብቻ ብንከፍል፥ አማርኛን በዐረብ ፊደል የሚጽፈው ሼህ ከወዴት ይመደባል? ዳዊትን በቃሉ የሚደግመው ዐይነ ስውርስ? ፊደል ሳይቈጥሩ ነገር ዐዋቂ ሆነው ጠብ የሚያበርዱት አያቶቻችንስ? ለእያንዳንዱ የሚስማማ ቃል አባቶቻችን ትተውልናል፤ «መሃይም» ብሎ መጥራት ግን ቋንቋውን አለማወቅ ነው።

በመጨረሻ ያገኘነው «ተማረ» የሚለውን ነው። በአማርኛ ትምህርት ተቀበለ ማለት ነው፤ ደግሞም ምሕረት አገኘ ማለት ነው። በግዕዝ ግን ትምህርት በሃሌታው ሀ፥ ምሕረት በሐመሩ ሐ ስለሚጻፉ ሥራቸው ልዩ ልዩ ነው።

ያ ተሳዳቢ ጓደኛችን ይህን በክፍል ፊት ቆሞ አነበበና የሰደበውን ልጅ ይቅርታ ጠየቀ፤ ልጁም ይቅር አለው። በዚያ ቀን ጓደኛችን በሀውም በሐውም ተማረ።