የተባረረ ሰው ለምን ይመለሳል?

በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ሁለት መንግሥታት አንዱን በር ከሁለት ወገን ዘጉት። የኢትዮጵያ መንግሥት ዜጎቹ ለሥራ ወደ ዓረብ አገራት እንዳይሄዱ አገደ። ብዙም ሳይቆይ፣ ጥቅምት 25፣ የሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት ለሕገ ወጥ ሠራተኞች የሰጠው የምሕረት ጊዜ አብቅቷል ብሎ አሰሳ ጀመረ። ቅጣቱም አስቀድሞ ተነግሮ ነበር፦ እስከ 2 ዓመት እስራት፣ እስከ 100,000 ሪያል መቀጮ፣ ከዚያም ጥረዛ። በሪያድ መንፉሓ ሰፈር ደም ፈሰሰ። በጥቂት ወራት ውስጥም ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በአውሮፕላን ተጭነው ቦሌ ወረዱ።

ያን ሰሞን አገሩ ሁሉ የሚነጋገረው ተመላሾቹ እንዴት እንደሚቋቋሙ ነበር። ማንም ያላነሳው ሌላ ጥያቄ ግን ነበር፦ ተመልሰው መሄዳቸው አይቀርምና፣ በየት በኩል ይሄዱ ይሆን?

ከሳዑዲ የሚጠረዝ ሰው ከመሳፈሩ በፊት የጣት አሻራውን ሰጥቶ ይወጣል። ያ አሻራ በጀዋዛት መዝገብ «የተባረረ» ተብሎ ይቀመጣል፤ ሰውየው ከዓመታት በኋላ በሕጋዊ የሥራ ቪዛ ልግባ ቢል ይይዘዋል። ስም ይቀየራል፣ ፓስፖርት ይቀየራል፣ ጣት ግን አይቀየርም። ስለዚህ በቦሌ ሄዶ በቦሌ ለተመለሰ ሰው የቦሌ መንገድ ተዘጋ።

የቀረው የእግርና የጀልባ መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ከአያት በታፎ በኩል ወደ ሰንዳፋና ደብረ ብርሃን የሚያወጣው አስፋልት ኮምቦልቻ ይደርሳል። ከኮምቦልቻ በባቲ ቁልቁል ወደ አፋር ይወርዳል። ከሎግያ በኋላ የጅቡቲ በረሃ አለ፤ ከበረሃው ማዶ ኦቦክ፣ ከኦቦክ ማዶ ባሕሩ፣ ከባሕሩ ማዶ ጦርነት ያለባት የመን፣ ከሰዓዳ ተራሮች ማዶ ደግሞ ጂዛን። ሥራ ፍለጋ በአውሮፕላን ሄደው የነበሩ ሰዎች ሁለተኛውን ጉዞ በዚህ መንገድ ጀመሩት።

ከአፍሪካ ቀንድ ተነስተው በባሕር የመን የገቡት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ከ65,000 በላይ ነበሩ። ከታላቁ ጥረዛ በኋላ በነበረው ዓመት፣ በ2014፣ ከ91,000 በላይ ሆኑ። የመን በጦርነት በምትነድበት በ2016 ከ117,000 አለፉ። በ2019 ደግሞ ከ138,000 በላይ ሰው ተሻገረ፤ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ነበር። በዚህ ቁጥር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄዱም ሶማሌያውያንም ስላሉበት ሁሉም ተጠርዘው የተመለሱ ናቸው ማለት አይደለም። እስራቱ፣ መቀጮውና የዕድሜ ልክ እገዳው መንገዱን ባዶ እንዳላደረጉት ግን በግልጽ ያሳያል።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1718 ወንጀለኞችን ባሕር አሻግራ ወደ አሜሪካ ቅኝ ግዛቶቿ የምታግዝበትን ሕግ ስታወጣ፣ የተወሰነለትን 7 ወይም 14 ዓመት ሳይጨርስ የተመለሰ ሰው በስቅላት ይቀጣ ነበር። ከዚህ በላይ ቅጣት የለም። ሆኖም ሰዎች ይመለሱ ነበር፤ የለንደን ፍርድ ቤት መዛግብት በእነሱ ክስ የተሞሉ ናቸው። የሞት ቅጣቱ በ1834 ሲሻር ከመቶ ዓመት በላይ ተሞክሮ ነበር።

የዚህ ዓይነት ሕግ አሜሪካም አላት። እ.ኤ.አ. በ1929 የሳውዝ ካሮላይናው ሴናተር ኮልማን ብሊዝ ያቀረበው ሕግ ሳይፈቀድለት ድንበር የተሻገረን እስከ 1 ዓመት፣ ተባሮ የተመለሰን እስከ 2 ዓመት ያሳስር ነበር። ብሊዝ ዘረኝነቱን የማይሸሽግ ፖለቲከኛ ነው። ሕጉ የተወለደበት ስምምነት ግን ከሰውየው ይበልጥ ያስተምራል። አንደኛው ወገን የሜክሲኮ ሰው ጨርሶ እንዳይገባ ይፈልጋል። የደቡብ ምዕራብ ባለ እርሻዎች ደግሞ ያለ ሜክሲኮ ጉልበት ሰብላቸው አይሰበሰብም። ሁለቱን ያስታረቀው መፍትሔ ቁጥሩን ሳይገድብ ሰውየውን ጥፋተኛ ማድረግ ሆነ። ሠራተኛው ይመጣል፣ ይሠራል፣ በተፈለገ ጊዜ ይታሰራል፣ ይባረራል። ቅጣቱ እ.ኤ.አ. በ1988 እና በ1994 እየከበደ ሄዶ ዛሬ ከባድ ወንጀል ላለበት ሰው እስከ 20 ዓመት ይደርሳል። እንዲያም ሆኖ ተባሮ መመለስ በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች በብዛት ክስ ከሚመሠረትባቸው ወንጀሎች አንዱ ሆኖ ቀጥሏል።

የባሕረ ሰላጤው አሠራር ከዚህ ብዙም አይርቅም። በከፋላ ሥርዓት የሠራተኛዋ ኢቃማ የተሰቀለው በአሠሪዋ ላይ ነው። ደመወዝ ተከልክላ ወይም ተደብድባ ከቤቱ ከወጣች አሠሪዋ «ሁሩብ» ብሎ ያስመዘግባትና ሕገ ወጥ ትሆናለች። ጉልበቷ ግን አሁንም ይፈለጋል፤ ሌላ ቤት ያለ ወረቀት ይቀጥራታል። ሹርጣ ሲይዛት ወደ ተርሂል፣ ከተርሂል ወደ ቦሌ። የምትመለሰው የሚቀጥራት እንዳለ ስለምታውቅ ነው። ሕጉ እንዳትመለስ ይቀጣል፣ ገበያው እንድትመለስ ይጠራል።

በዚህ በኩል ደግሞ ዕዳው አለ። ለጉዞው በሬ ተሸጧል፣ መሬት በወለድ አገድ ተይዟል፣ ለደላላ ከዘመድ ተበድሯል። የተጠረዘው ሰው ባዶ እጁን ሲመለስ ዕዳው አብሮ አልተሰረዘም። ሕግ አውጪው ተመላሹ ቅጣቱን ከነፃነቱ ጋር እንደሚያመዛዝን ያስባል። ተመላሹ የሚያመዛዝነው ግን ከአበዳሪው ፊት፣ ከአባቱ መሬት ጋር ነው። በዚያ ሚዛን ላይ የስድስት ወር እስር ቀላል ነው።

የተሻለ መንገድ ሊኖር እንደሚችል ሳዑዲ ራሷ በ2009 ዓ.ም. አሳይታ ነበር። መጋቢት 20 ቀን የጀመረው «ሕግ ተላላፊ የሌለበት አገር» የተባለው የ90 ቀን ምሕረት አንድ ልዩ ቃል ነበረው፦ በፈቃዱ የሚወጣ ሰው መቀጮ አይከፍልም፣ አሻራውም በተባረሩት መዝገብ አይገባም፤ ስለዚህ በሕጋዊ ቪዛ ተመልሶ መምጣት ይችላል። ከዛቻ ይልቅ ተስፋ የያዘ ሕግ ነበር። ለኢትዮጵያዊው ግን ተስፋው ግማሽ ነበር። በሕጋዊ ቪዛ ከየት ይሳፈር? የ2006ቱ የአገሩ እገዳ ገና አልተነሳም። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ቢወጣም እገዳው የተነሳው በ2010 ዓ.ም. ነው። ሳዑዲ በከፊል የከፈተችውን በር አዲስ አበባ ዘግታው ቆየች። ብዙዎችም ባሉበት ተደብቀው መቆየትን መረጡ። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2017 እስከ መጋቢት 2019 ባለው ጊዜ 260,000 ያህል ኢትዮጵያውያን ተጠርዘው ተመለሱ።

አንድ መንግሥት ድንበሩን የመጠበቅና ማን እንደሚገባ የመወሰን መብት እንዳለው አያከራክርም። ኢትዮጵያም በራሷ ድንበር ይህንኑ ታደርጋለች። ቅጣት ጨርሶ አያስፈራም ማለትም ስህተት ነው፤ ሁለተኛ ያልሞከሩ ብዙ ሰዎች አሉ። ክርክሩ ያለው ሕጋዊው መንገድ ለዘለዓለም በተዘጋበት ሰው ላይ ቅጣት ሲደራረብ ምን ይፈጠራል በሚለው ላይ ነው። በ2013 ዓ.ም. ሳዑዲ ቅጣቱን ወደ ረዳቶቹም አሰፋችው፤ ሰርጎ ገብ የተባለን ሰው ያጓጓዘ ወይም ያስጠለለ እስከ 15 ዓመት እስራትና እስከ 1 ሚሊዮን ሪያል መቀጮ ይጠብቀዋል። ውጤቱ ደላላው ለአደጋው ዋጋ መጨመሩ፣ መንገዱም ወደ ተራራው ጠልቆ መግባቱ ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሂዩማን ራይትስ ዎች ይፋ ባደረገው ዘገባ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በአንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ውስጥ በየመን ድንበር በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን እንደገደሉ አስታወቀ። ሳዑዲ ክሱን አስተባብላለች። በሕግ መጽሐፍ ላይ የወራት እስራት የሆነው ቅጣት በተራራው ላይ ሞት ሆኖ ተገኘ።

ዛሬ ሕጋዊው መንገድ ተከፍቷል። የኢትዮጵያ መንግሥት በሁለትዮሽ ስምምነት ሠልጣኞችን ወደ ሳዑዲ ይልካል። ሥራውን፣ ቋንቋውንና የአሠሪውን ጠባይ ከሁሉ ይልቅ የምታውቀው ግን የተጠረዘችዋ ናት፤ ከዚህ ሰልፍ የሚያስወጣትም ያ አሻራ ነው። የማታውቀዋ ልጅ በቦሌ ትሄዳለች፣ የምታውቀዋ በኦቦክ።

ስለዚህ በድርድር ጠረጴዛ ላይ ከደመወዝ መጠን እኩል ሊቀመጥ የሚገባው ጉዳይ የእገዳው ዕድሜ ነው። ወረቀቷ ስለተቃጠለ ብቻ የተባረረችና በሌላ ወንጀል ያልተከሰሰች ሠራተኛ እገዳዋ በዓመታት ይወሰን፤ የ2009ኙ ዓይነት ምሕረት ቋሚ አሠራር ይሁን። ከመንግሥት ለመንግሥት የሚጠየቅ፣ ገንዘብ የማያስወጣ ጥያቄ ነው። ካልተጠየቀ ግን የሚቀጥለው የጥረዛ አውሮፕላን ቦሌ በሚያርፍበት ቀን፣ በውስጡ ካሉት የተወሰኑት መንገዳቸውን ከወዲሁ መርጠዋል። መንገዱ በታፎ ያልፋል።