ቁጥር መልክ ሲይዝ

ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ፕሌይፌር በወጣትነቱ ለእንፋሎት ሞተር መሐንዲሱ ለጄምስ ዋት ንድፍ ይሠራ ነበር። በ1786 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ስለ እንግሊዝ ንግድ ባሳተመው መጽሐፍ 44 ግራፎች አሉ። 43ቱ ዓመታትን በአግድም፣ ገንዘብን በቁመት ይዘው የሚጓዙ መስመሮች ናቸው። የቀረው አንዱ የስኮትላንድ ነው። ከ17 አገሮች ጋር ስላደረገችው የገቢና የወጪ ንግድ በእጁ የነበረው የአንድ ዓመት መዝገብ ብቻ ስለሆነ፣ መስመር የሚስብበት ተከታታይ ዓመት አጣ። ስለዚህ ለየአገሩ ርዝመቱ በንግዱ መጠን የሚወሰን ዘንግ ሠራ። ባር ግራፍ እንዲህ ከመረጃ እጥረት ተወለደ። ፕሌይፌር ራሱ፣ ጊዜን አያሳይም ብሎ ከሌሎቹ አሳንሶ አይቶታል፤ እኔ ግን ከመጽሐፉ ሁሉ የማከብረው ይህን ገጽ ነው። የሌለውን ዓመት በመስመር አልሞላውም።

ያን ጊዜ ግራፍ በመዳብ ሰሌዳ ላይ በእጅ ተቀርጾ ይታተም፣ ከዚያም በእጅ ቀለም ይቀባ ነበር። ልፋቱ ሠሪውን ያዘገየዋል፤ የዘገየ እጅ ደግሞ እያንዳንዱን ነጥብ ይመዝናል። በ1858 እንግሊዛዊቷ ነርስ ፍሎረንስ ናይቲንጌል በክራይሚያ ጦርነት ከቁስል ይልቅ በሽታ ወታደሩን እንደፈጀ በክብ ግራፍ ያሳየችው በዚሁ ትዕግሥት ነው።

ማሽኑ ብዕሩን የተረከበው ቀስ በቀስ ነው። በ1959 ካልኮምፕ የተባለው ኩባንያ በከበሮ ላይ በተጠቀለለ ወረቀት በብዕር የሚስል መሣሪያ አወጣ። በ1986 ነፃው የግራፍ ፕሮግራም ግኑፕሎት መጣ። ከዚያ የጆን ሀንተር ተራ ሆነ። ሀንተር በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሕሙማን አንጎል የሚቀዳውን የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚያጠና ተመራማሪ ነበር። በሚከፈልበት ማትላብ በተባለ ሶፍትዌር የለመደውን የግራፍ ሥራ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ማግኘት ፈለገና ማትፕሎትሊብ የተባለውን ላይብረሪ፣ ማለትም ፕሮግራም ጸሐፊዎች የሚጠሩትን ዝግጁ የኮድ ስብስብ፣ ጻፈ፤ በ2003 ለሁሉም በነፃ ለቀቀው። በ2012 ገና በ44 ዓመቱ ከካንሰር ሕክምና በተከተለ ችግር አረፈ። በ2019 የጥቁር ጉድጓድን የመጀመሪያ ምስል ያወጡት ሳይንቲስቶች ከተጠቀሙባቸው መሣሪያዎች አንዱ ይኸው የእሱ ላይብረሪ ነበር።

ቁጥር ካልተሳለ ምን ያህል እንደሚደብቅ የስታቲስቲክስ ሊቁ ፍራንሲስ አንስኮም በ1973 አሳይቷል። እያንዳንዳቸው 11 ነጥብ ያላቸውን 4 የቁጥር ስብስቦች አዘጋጀ። አማካያቸውም ዝምድናቸውም አንድ ዓይነት ነው፤ ሲሳሉ ግን አንዱ በቀጥታ መስመር ዙሪያ ይበተናል፣ ሌላው ቅስት ይሆናል፣ ሁለቱን ደግሞ አንዲት ያፈነገጠች ነጥብ ታዛባቸዋለች።

ስለዚህ መሳል ግድ ነው። ግን ፕሌይፌር እያመነታ የወሰነውን ዛሬ ማትፕሎትሊብ ሳይጠይቀን ይወስነዋል። አንድ የቁጥር ዝርዝር ብቻ ከሰጠነው አግድሙን ራሱ ከ0 ጀምሮ ይቆጥራል። ሁለት ከሰጠነው ትንሹንና ትልቁን ፈልጎ የአግድሙንና የቁመቱን ስፋት ይመድባል፤ ነጥቦቹንም በዝርዝሩ ቅደም ተከተል ያገናኛል። በአግድሙ ያሉት ቀኖች ካልተደረደሩ መስመሩ ወደ ኋላ እየተመለሰ ይጠላለፋል። ይህስ ቶሎ ይታያል። የሚያሰጋኝ ሌላው ነው፤ በመካከል ሦስት ወር ካልተለካ ክፍተቱን በቀጥታ መስመር ተሻግሮ ያልታየውን እንደታየ ያስመስላል። ባልተለካው ወር ቦታ ናን የሚባለውን የባዶ ዋጋ ምልክት ማስገባት መስመሩን እዚያው ያቋርጠዋል። በእኔ እምነት የወረርሽኝም የዝናብም ግራፍ ከዚህ ውጭ መታተም የለበትም።

ፊደላችንም የዚሁ ዝምተኛ ውሳኔ ሰለባ ነው። ማትፕሎትሊብ ራሱ የሚመርጠው ደጃቩ ሳንስ የተባለ ፎንት የግዕዝ ፊደል ስለሌለው የአማርኛ ርዕስ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን የመሰለ ፎንት ጭኖ ስሙን በቅንብሩ ላይ መጻፍ ይበቃል፤ በ2022 ከወጣው 3.6 እትም ወዲህ ደግሞ ፎንቶችን በተራ መደርደር ስለሚቻል ግዕዙና ላቲኑ በአንድ ርዕስ ላይ አብረው ይነበባሉ። ለጤና ጣቢያ ወይም ለገበሬዎች ማኅበር የሚሠራ ግራፍ በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲቀር የሚያስገድድ ቴክኒካዊ ምክንያት የለም።