የጓሳ ሣርና የመንዝ የቄሮ ደንብ

ከዓለም ከተማ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ በመንዝ ደጋ ከ3200 ሜትር በላይ፣ ጓሳ የተባለው ሣር ይበቅላል። ወገኑ ፌስቱካ ነው፤ በአውሮፓ ብርዳም አገሮች ለግቢ ከሚዘራው ሣር ጋር ይዛመዳል። ውርጭ ይችላል፤ ለቤት ክዳን የሚበቃ ቁመት ለማግኘት ግን ዓመታት ይፈልጋል። ስለዚህ የአውሮፓ አትክልተኛ የግቢውን ሣር ቶሎ ቶሎ ሲያጭድ፣ መንዜው ጓሳውን ያሳርፈው ነበር።

የማሳረፊያው ደንብ ቄሮ ይባል ነበር፤ ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ እንደ ቆየ ይነገራል። ባለርስቶቹ አባ ቄራ የሚሉትን አለቃ መርጠው ጓሳውን እስከ 3፣ አንዳንዴም እስከ 5 ዓመት ይዘጉት ነበር። ሣሩ ሲደርስ፣ በበጋ፣ የመክፈቻው ቀን በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያና በቀብር ላይ ይነገር ነበር። አስቀድሞ ለክዳንና ለገመድ ይታጨድ ነበር፤ ከብት የሚገባው ከዚያ በኋላ ነበር። ይህ ቅደም ተከተል ቀላል ነገር አልነበረም፤ ከብቱ ቢቀድም ኖሮ ለጣሪያ የሚሆን ሣር ባልተረፈ ነበር። በሐምሌ አቦ፣ ክረምቱ ሲበረታ፣ ሰውም ከብትም ይወጣ ነበር።

የጋራ መሬት ጠባቂ የለውም የሚሉ አሉ። የጓሳ ታሪክ ግን ለዚህ አይመሰክርም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ርስት ሲሻር ቄሮም አብሮ ፈረሰ። እርግጥ ነው፣ በዱሮው ደንብ ርስት የሌለው ሰው ከጓሳው ድርሻ አልነበረውም፤ አዋጁ ይህን አድልዎ አንሥቷል። ሣሩን የሚያሳርፍ አለቃ ግን በቦታው አልተካም፤ ጓሳውም የተጎዳው በዚህ ነው። ኋላ የአካባቢው ሰው በኮሚቴ ተሰባስቦ መዝጋቱንና መክፈቱን እንደ ገና ጀመረ።