የአራዳ ገበታ፦ ፒያሳና በገንዘብ መብላት

በአጼ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ የራበው ሰው መድረሻ አያጣም ነበር። በታላቁ ቤተ መንግሥት ግብር ይገባል፤ ሕዝቡ በሺዎች እየሆነ በየተራው አዳራሹን ሞልቶ ሥጋውንም ጠጁንም እንደየማዕረጉ ይቀምሳል። ከውጭ አገር ለመጣ መልእክተኛ ድርጎ ይታዘዝለታል፤ እንጀራው፣ በጉና ማሩ ካረፈበት ድንኳን ድረስ ይሄድለታል። ተራው መንገደኛ ደግሞ “የመሸበት የእግዜር እንግዳ” ብሎ ከአንዱ ደጅ ይቆማል። ለአገሬው እንግዳ የነበረው ነገር ሌላ ነው፤ ከማያውቁት ቤት ገብቶ፣ ወንበር ስቦ ተቀምጦ፣ የፈለጉትን አዝዞ፣ በልቶ፣ ሒሳብ ከፍሎ መውጣት።

ይህ እንግዳነት የመጣው ከገንዘብ እጥረት ብቻ አልነበረም። የበሰለ እህል በዋጋ መሸጥ ለጨዋ ቤተሰብ ነውር ነው፤ እንግዳ ይበላል እንጂ አይከፍልም። በሰው ፊት መብላትም ያስፈራል። ዓይን አለ፣ ቡዳ አለ። ንጉሡ ራሳቸው ግብር ላይ ሲቀርብላቸው መጋረጃ ይጋረድላቸው ነበር። እንዲህ ያለ ሕዝብ በመስኮት በኩል ከመንገድ እየታየ ከባዕድ ሰው አጠገብ እንዲጎርስ ለማድረግ አንድ ትውልድ ፈጅቷል። ትምህርቱ የተሰጠውም በአብዛኛው በአንድ ሰፈር ነው። ሰፈሩ ያኔ አራዳ ይባል ነበር፤ ዛሬ ፒያሳ እንለዋለን።

መነሻው እቴጌ ጣይቱ ያሠሩት ሆቴል ነው። ሕንፃው አርመናዊው ሙሴ ሚናስ ኸርቤክያን የሠራው፣ ሰፊ የእንጨት ሰገነት ያለው ቤት ሲሆን በ1900 ዓ.ም. “እቴጌ ሆቴል” ተብሎ ለእንግዳ ተከፈተ። ስለ አጀማመሩ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ታሪክ አለ። ሆቴሉ ሲከፈት ገበያተኛ ጠፋ፤ የሰው ምግብ በገንዘብ መብላት ምን ማለት እንደሆነ ለመኳንንቱ አልገባቸውም። ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው ሄዱና እርሳቸው ጋብዘው ሁሉም በላ። በማግስቱ ግን የመጣ የለም። ከዚያ በኋላ ንጉሡ “አሁን ደግሞ እናንተም በየተራችሁ ጋብዙ” የሚል ዓይነት ግፊት እያደረጉ፣ እቴጌይቱም የማዕድ ቤቱን ሥራ ራሳቸው እየተቆጣጠሩ፣ ሰዉ ቀስ በቀስ እየለመደ መጣ ይባላል። ዝርዝሩ ከተራኪ ተራኪ ይለያያል። ፍሬ ነገሩ ግን ሊታመን የሚችል ነው፤ በዚያ ዘመን አዲስ ልማድ የሚገባው ከላይ ወደ ታች ነበርና፣ ንጉሥ የከፈለበትን ነገር ነውር ነው የሚል ደፋር አይገኝም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሳንቲም ነው። ዋናው መገበያያ ማርትሬዛ ነበር፤ ትልቅ የብር ገንዘብ ስለሆነ አንድ ሳህን ምግብ ወይም አንድ ብርሌ ጠጅ ለመግዛት አይመችም። ለዝርዝር አሞሌ ጨው አንዳንዴም ጥይት ያገለግል ነበር። አሞሌ ተሸክሞ ምሳ ለመብላት የሚወጣ ሰው የለም። በ1880ዎቹ የወጣው የምኒልክ ገንዘብ አላድ፣ ሩብና ተሙን ስለነበረው ትንሽ ነገር በትንሽ ዋጋ መግዛት ተቻለ። የአቢሲንያ ባንክም እዚያው አራዳ ላይ ሥራ ጀመረ። ምግብ ቤትና ባንክ ባንድ ዘመን ባንድ ሰፈር መብቀላቸው የአጋጣሚ አይመስልም።

ይሁን እንጂ ስለ ሆቴሉ ብቻ ማውራት ታሪኩን ያጎድለዋል። የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ በአራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ ነበር። ከየአውራጃው እህል፣ ቅቤ፣ ማርና ከብት ነድቶ የሚመጣው ገበያተኛ እቴጌ ሆቴል አይገባም፤ የሚያበሉትና የሚያጠጡት ሌሎች ናቸው። ዳቦና ቆሎ በጉልት የሚሸጡ፣ ከደጃቸው እንጨት ተክለው ጣሳ በመድፋት ጠላ መኖሩን የሚያሳውቁ፣ ጓዳቸውን ለሁለት ከፍለው ፊቱን መሸጫ ኋላውን መኖሪያ ያደረጉ ሴቶች። ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ፣ ባል የሞተባቸው ወይም የተፋቱ፣ መሬት የሌላቸው ነበሩ። ወደ ከተማዋ ይዘውት የገቡት ሀብት ጌሾ መውቀጥና ብቅል ማብቀል ማወቃቸው ነው። የፒያሳ ምግብ ቤቶች ታሪክ ሲነገር የፈረንጅ ስም ብቻ የሚጠራው አለአግባብ ነው። በገንዘብ ማስተናገድን ለብዙኃኑ ያስተማሩት እነዚህ ስማቸው ያልተጻፈ ሴቶች ናቸው።

በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ አዲስ አበባ ሲደርስ የጅቡቲ ወደብ ቀረበ። ወይን፣ ዘይት፣ የታሸገ ዓሣ፣ የፉርኖ ዱቄት፣ ስኳር በብዛት ይገባ ጀመር። ግሪኮችና አርመኖች በአራዳ ዳቦ ቤት፣ ሸቀጣ ሸቀጥ፣ ቡና ቤትና ሆቴል ከፈቱ፤ ሆቴል ደ ፍራንስን የመሳሰሉ ቤቶች የውጭው ሰውና የሠልጥኛለሁ ባዩ ወጣት መሰብሰቢያ ሆኑ። በ1915 ዓ.ም. የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ ሲቋቋም ደግሞ ጠጅና ጠላ ተወዳዳሪ አገኙ።

ከዚያ ወረራው መጣ።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበሩት አምስት ዓመታት ለሰፈሩ ገበታ ሁለት የሚቃረኑ ነገሮች አድርገዋል። ጣሊያኖች ገበያውን ከጊዮርጊስ ዙሪያ አንሥተው ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ ወሰዱት። ገበያው ሲሄድ የጠላና የጉልት ሴቶች ደንበኛም አብሮ ሄደ። በቦታው ለነጭ ብቻ የታሰቡ ቡና ቤቶች፣ ኬክ ቤቶችና የፓስታ ቤቶች ተተከሉ። የዘር ሕጉ የመመገቢያ ቦታንም አልማረም፤ በ1931 ዓ.ም. የወጣው ድንጋጌ አንድ ጣሊያናዊ ለአገሬው በተለየ ቤት አዘውትሮ ቢገኝ ያስቀጣው ነበር። በገዛ ከተማው አበሻው ከመስኮት ውጭ ቆሞ የሚያያት ማኪያቶ ነበረች። ዛሬ ማንም ሰው ሳያስብበት በብርጭቆ የሚያዝዛት ያቺው ማኪያቶ ናት፤ ይህንን ሳያስታውሱ ስለ ፒያሳ “የጣሊያን ውበት” ብቻ መጻፍ ልብ ይከብዳል።

ነፃነት ሲመለስ እንግሊዞች ጣሊያኖቹ በሙሉ ከአገር እንዲወጡ ፈልገው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ባለሙያዎቹን አስቀሩ፤ መካኒኩ፣ ግንበኛው፣ ወጥ ቤቱ ቀረ። ፍራንቸስኮ ካስቴሊ ከቀሩት አንዱ ነው። ከወታደርነት ወደ ምግብ ቤት ባለቤትነት ተሸጋግሮ በፒያሳ የከፈተው “ካስቴሊ” በልጆቹ እጅ ለብዙ አሥርት ዓመታት ዘልቆ የአገር መሪዎችና የፊልም ተዋንያን ሳይቀሩ የሚመጡበት ቤት ሆነ። “ኤንሪኮ” ኬክ ቤት ሚልፎሊውን ለመግዛት በጠዋት የሚሰለፉለት ነበር፤ የዘገየ ሰው ባዶ መደርደሪያ ያገኛል። በ1945 ዓ.ም. በዌቭል ጎዳና የተከፈተው “ቶሞካ” ደግሞ ቡናን ቆሞ መጠጣትን አስተማረ። ቡና አፍልቶ፣ ጨርሶ፣ ሦስተኛውን ካልጠጣ የማይነሣ ሕዝብ ከረጅም ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ በሦስት ጉንጭ ጨርሶ ወደ ሥራው መሄድ ጀመረ። ሁለቱ ልማዶች አልተጣሉም፤ የቤቱ ቡና በቤቱ፣ የፒያሳው በፒያሳ ቀጠለ።

የሚገርመው አገሬው የተቀበለውን እንዳለ አለመተዉ ነው። ፓስታው በርበሬ ያለው ስጎ ለበሰ፤ ከእንጀራ ጋር ተጠቅልሎ በእጅ ተበላ። የጾም ቀን ሲሆን ሥጋው ወጥቶ ቲማቲምና ነጭ ሽንኩርት ብቻ ቀረለት። ላዛኛና ኮቶሌታ ከጥብስና ከክትፎ ጎን በአንድ የምግብ ዝርዝር ላይ ሰፈሩ። ይህን ያደረጉት በየማዕድ ቤቱ የነበሩት ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ናቸው። ብዙዎቹ በረዳትነት ገብተው ሙያውን ከተማሩ በኋላ በየሰፈሩ የራሳቸውን ቤት ከፈቱ።

ከፒያሳ ትንሽ ራቅ ብሎ በደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ስም የሚጠራው ውቤ በረሃ ነበር። ከነፃነት በኋላ እስከ አብዮቱ ድረስ የከተማዋ ሌሊት እዚያ ያድር ነበር ማለት ይቻላል። ጠጅ ቤቱ፣ ቡና ቤቱ፣ አዝማሪው፣ ሙዚቃው፤ ተማሪውም ሹሙም ወታደሩም በአንድ ጣሪያ ሥር። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር “ሌቱም አይነጋልኝ” የሚለውን ልብ ወለዱን የጻፈው ስለዚህ ሰፈር ሕይወት ነው። ውቤ በረሃ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ዝሙቱን ነው። እውነት ነው፣ ነበረ፤ ለብዙ ሴቶችም መራራ ነበር። ነገር ግን ከእነዚያ ቤቶች ብዙዎቹን በባለቤትነት የሚያስተዳድሩት፣ ሒሳብ የሚይዙት፣ ሠራተኛ የሚቀጥሩት ሴቶች ነበሩ። ሌላ የንግድ በር ባልተከፈተላቸው ጊዜ ምግብና መጠጥ መሸጥ ካፒታል የሚያስገኝላቸው ብቸኛ መንገድ ሆነላቸው። ይህ የታሪኩ ግማሽ ሊነገር ይገባዋል።

አብዮቱ ሌሊቱን ወሰደው። ሰዓት እላፊ ሲታወጅ የምሽት ንግድ ተቆረጠ፤ ከቀይ ሽብር በኋላ ደግሞ ለረጅም ጊዜ አምሽቶ መጠጣት የሚያሰጋ ነገር ሆነ። ሰፈሩን ለዘለቄታው የቀረጸው ግን ሌላ አዋጅ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ በፒያሳ ያሉትን አብዛኞቹን ቤቶች የመንግሥት አደረጋቸው። ምግብ ቤቱ የቀበሌ ወይም የኪራይ ቤቶች ተከራይ ሆነ። ኪራዩ አነስተኛ ነው፤ ስለዚህ አይለቅም። ቤቱ የራሱ አይደለም፤ ስለዚህ አያድሰውም። የፒያሳ ቡና ቤቶች የድሮውን መደርደሪያ፣ የድሮውን ወለል፣ አንዳንዴም የድሮውን ማሽን ይዘው አርባና ሃምሳ ዓመት መዝለቃቸው ለትዝታ ተብሎ የተደረገ ይመስለን ይሆናል። ዋናው ምክንያት የኪራይ ውሉ ነው። ሌላው ሰፈር በፎቅ ሲሞላ ፒያሳ ርካሽ ምሳ የሚገኝባት ሆና የቆየችው በዚህ የተነሣ ነው።

ለዚህ ደግሞ ዶሮ ማነቂያ የተባለውን የፒያሳ መንደር የሚያህል ማስረጃ አልነበረም። ጠባብ መንገድ፣ ተደጋግፈው የቆሙ ቤቶች፣ ሥጋ ቤቱ ከቡና ቤቱ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ። ጥብስ ከአንዱ ቤት ታዝዞ ሌላው ቤት ቢራ ይዞ ለተቀመጠው ሰው ይላክ ነበር፤ ባለቤቶቹ እርስ በርስ ይተዋወቁ፣ ዕቁብ ይጥሉ፣ አብረው ዕድር ይገቡ ነበር። በማኅሙድ ሙዚቃ ቤት በር የተቀጣጠረ ሰው ብዙ ጊዜ መጨረሻው እዚያ ነበር። አንዱ ቤት ብቻውን ብዙም አይቆምም፤ የሚቆመው ከጎረቤቱ ጋር ነው።

ዛሬ ጣይቱ ሆቴል የሚባለው እቴጌ ሆቴልም ከደርግ ጀምሮ ረጅም ጊዜ በመንግሥት እጅ ቆይቶ ወደ ግል ተመለሰ። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት ተነሥቶ ከፊሉን ሲያወድመው፣ የሙዚቃ ቤቱ ጃዛምባም አብሮ ተቃጠለ። ዋናው ቤት ተርፎ ሥራውን ቀጠለ። የሆቴሉ የጾም ምሳ ከከተማው ሰው አልፎ በጎብኚዎችም ዘንድ ስም አለው፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ አትክልቱ በየዕቃው ተደርድሮ ሰው እየተነሣ ይቀዳል። ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ ከዓመቱ ግማሽ የሚበልጠውን ቀን የሚጾም ምእመን ላለበት አገር፣ ከጥንት ከጓዳ የማይወጣ የነበረውን የጾም ገበታ ለገበያ ማብቃት ትንሽ ሥራ አይደለም።

የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ በፒያሳ ተመረቀ። በዚያው ወርና በተከታዩ መጋቢት የኮሪደር ልማት የተባለው የከተማ እድሳት ተጀምሮ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ብዙ ቤቶች ፈረሱ። የሰፈሩ ቤቶች አርጅተው ነበር፤ መጸዳጃና ፍሳሽ ብዙዎቹ ጋር አስቸጋሪ ነበር፤ ከተማዋ መታደስ እንዳለባት የሚጠራጠር ሰው ጥቂት ነው። ጉዳቱ ግን በግንቡ አይለካም። ከነዋሪው ብዙው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ተዛወረ። ለቤት ምትክ ቤት፣ ለቦታ ምትክ ቦታ ይሰጣል። ጥብሱን ከአንዱ ቤት፣ ቢራውን ከሌላው የሚያመጣው የጉርብትና ሥርዓት ግን ምትክ የሚታሰብለት ነገር ሆኖ በየትኛውም ቅጽ ላይ አይሰፍርም። በአነስተኛ ኪራይ ትኖር የነበረች ምግብ አብሳይ በአዲሱ ጎዳና ዳር በአዲሱ ዋጋ ሱቅ መከራየት አትችልም፤ ደንበኞቿም በአንድ ታክሲ የሚደርሱላት አይደሉም። ሙያዋን ይዛ ትሄዳለች፣ ገበያዋን ግን ከዜሮ ትጀምራለች።