ስለ እንጦጦ ከተማና ስለ መጻሕፍት ገበያ

በአውስትራልያ አገር ባላራት በምትባል ስፍራ በ1851 እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ወርቅ በተገኘ ጊዜ ሰው ከየአገሩ ጎርፎ ባጭር ዘመን ከተማ ቈረቈረ። ዛሬ በዚያ የጥንቱን መንገድ፣ ሱቁንና ማተሚያ ቤቱን አስመስለው ሠርተው ለጎብኚ ያሳያሉ። እኛም ፈጥና ተሠርታ ፈጥና የተተወች ከተማ ከራሳችን በላይ በተራራው አለችን፤ እርስዋም እንጦጦ ናት። ነገር ግን በእንጦጦ የጥንቱን የመጻሕፍት ሱቅ አስመስዬ ልሥራ የሚል ሰው ቢነሣ ይቸገራል፤ በዚያ ዘመን መጽሐፍ ይጻፋል እንጂ በሱቅ ተደርድሮ አይጠብቅም ነበርና።

እንጦጦን የሠራት ወርቅ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከፍታው ለጦር ስለ ተመቸ ከተማቸውን በዚያ አደረጉ። (ስፍራው ከዚያ አስቀድሞም ባዶ አልነበረም፤ በምሥራቅ በኩል በየካ ኮረብታ ከአለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል ምስክር ነው።) ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑትም በእንጦጦ ማርያም ነው። ሆኖም በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከፍል ውሃው አጠገብ ተቈርቍራ ነበርና፣ ብርዱና የማገዶው እጦት ያስመረረው ሰው ሁሉ ወደ ታች ወረደ። በተራራው ላይ ጸንተው የቀሩት ማርያምና ራጉኤል ናቸው።

እንግዲህ በዚያች ከተማ መጽሐፍ የፈለገ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ፍየል ነው። ቆዳው በውሃ ተዘፍዝፎ፣ በእንጨት ላይ ተወጥሮ፣ ሥጋውና ጠጕሩ ተፍቆ ብራና ይሆናል፤ ለአንድ ትልቅ መጽሐፍም ብዙ ፍየል ያልቃል። ቀጥሎ ቁም ጸሐፊው በወስፌ ነጥቦ መስመሩን ያሰምራል፤ ከጥላሸት የተበጠበጠውን ጥቍር ቀለም ለንባቡ፣ ቀዩን ለቅዱሳን ስም ያደርጋል፤ በሸምበቆ ብርዕ ፊደሉን አንድ በአንድ ያቆማል። ደጓሹ ጥራዙን ሰፍቶ በእንጨት ገበታና በቆዳ ይለብጠዋል፤ በመጨረሻ ማኅደር ይሰፋለታል። አስጻፊው በዚህ ሁሉ ወራት ቀለብ ይሰፍራል። ስለዚህ መጽሐፍ ያለው ቤት ርስት እንዳለው ቤት ይቈጠር ነበር፤ በእኔ አሳብ ከርስትም ይበልጣል፤ ርስት በየዓመቱ ዝናብ ይፈልጋልና።

የመጻሕፍት ሽያጭ በሰፊው የተጀመረው ማኅተም ከመጣ በኋላ ነው። በ1914 ዓ.ም. የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ተቋቋመ፤ በ1917 ዓ.ም. በዚሁ ስም ጋዜጣ ወጣ። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋም የፊደሉን ገበታ አትመው በየደጁ አዳረሱ። ዛሬ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ደጃፍ ዳዊቱንና ውዳሴ ማርያሙን ዘርግቶ የሚሸጠው ሰው የዚያ ሥራ ወራሽ ነው።

መጽሐፍ ለመንግሥት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ግን ከክብረ ነገሥት ታሪክ ይታወቃል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ በወደቀች ጊዜ እንግሊዞች አፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከሰበሰቧቸው መጻሕፍት ብዙውን በዝሆንና በበቅሎ ጭነው ወሰዱ። 350 የሚያህለው ሎንዶን ባለው ቤተ መዘክር ገባ። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በነሐሴ 1864 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶርያ ጽፈው የአገሩ ሕግ ያለበት ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ጠየቁ፤ ያለዚያ መጽሐፍ ሕዝቡ አይታዘዝልኝም የሚል ምክንያት ሰጡ። ቤተ መዘክሩም ሁለት ቅጂ ነበረውና በታኅሣሥ 1865 ዓ.ም. አንዱን፣ መመለሱን በላዩ ጽፎ፣ ሰደደ። በ1896 ዓ.ም. ሁግ ለ ሩ የተባለ ፈረንሳዊ መጽሐፉን ለመተርጐም በለመነ ጊዜ ምኒልክ ፈቅደው አሳዩት። ይህ የሆነው በአዲስ ዓለም ነው፤ እርስዋም አዲስ አበባ ማገዶ ባጣች ጊዜ ሌላ መናገሻ ትሁን ተብላ የተጀመረች ከተማ ናት። ባሕር ዛፍ ባይበዛ ኖሮ አዲስ አበባም እንደ እንጦጦ ትቀር ነበር። ከተሞቹ በማገዶ ምክንያት ሲፈልሱ መጽሐፉ ግን ከእጅ አልወጣም።

ዛሬ የሚያሳዝነው ያ በደብዳቤ የተለመነው ብራና በገዛ እጃችን መበተኑ ነው። በከተማው የጥንት ዕቃ በሚሸጥባቸው ሱቆች ከአሮጌ መጽሐፍ የተገነጠለ ቅጠል በመስተዋት ተከፍቶ ይታያል። ሙሉው መጽሐፍ ከሚሸጥ ቅጠል ቅጠሉ ቢሸጥ ትርፉ ይበዛልና ሻጩ መጽሐፉን ያርደዋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቍጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ነገር ግን አንድ ቅጠል በሻንጣ ልብስ መካከል ሲያልፍ ማን ያየዋል? በብዙ መጻሕፍት መጨረሻ አስጻፊው የሰረቀውንና የፋቀውን የሚያወግዝ ቃል በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ጽፎ ትቷል። ገዢው ግን ግዕዝ ስለማያነብ፣ ያችው ቅጠል ብትደርሰው ግዝቱን ወደ አገሩ ወስዶ በእልፍኙ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል።