«ኮል»፦ የአንዲት ቁልፍ ቃል ጉዞ በቤዚክ ታሪክ

የኮምፒውተር ቋንቋዎች ታሪክ ሲተረክ ትኩረቱ በትልልቆቹ ፈጠራዎች ላይ ነው። ይህ ቅኝት የሚከተለው ግን አንዲት ትንሽ ቃል ነው፤ አንድ ፕሮግራም ለብቻው የተጻፈን የሥራ ክፍል፣ ማለትም ፕሮሲጀርን፣ ሲጠራ የሚጠቀምባትን «ኮል»። በቤዚክ ቋንቋ ውስጥ ይህች ቃል በተለያየ ዘመን ግዴታም፣ እንደ ፈቃድም፣ ጨርሶ ሌላ ነገርም ሆና አገልግላለች። የዕጣዋን መለዋወጥ ስንከተል ቋንቋው በየዘመኑ ለማን ንባብ እንደተዘጋጀ እናያለን።

ቃሏ ከቤዚክ በፊት ነበረች። ጆን ባከስና ባልደረቦቹ በአይቢኤም ያዘጋጁት ፎርትራን እ.ኤ.አ. በ1957 ሲወጣ ተጠቃሚው የራሱን ሰብሩቲን (በፎርትራን አጠራር ፕሮሲጀርን) ለይቶ የሚጽፍበት መንገድ አልነበረውም። በ1958 የተከተለው ሁለተኛው ፎርትራን «ሰብሩቲን»ንና «ኮል»ን አብሮ አመጣ። አልጎል 60 ደግሞ ሌላ መንገድ ያዘ፤ ፕሮሲጀሩን ለማሠራት ስሙን መጻፍ ብቻ በቂ ሆነ። ስለዚህ ቤዚክ ሳይወለድ ሁለት ወጎች ተዘርግተው ነበር፤ አንዱ ትእዛዙን በግሥ የሚከፍት፣ ሌላው በስም የሚተማመን።

ጆን ኬሜኒና ቶማስ ከርትዝ በዳርትመዝ ኮሌጅ ቤዚክን ሥራ ያስጀመሩት እ.ኤ.አ. ሜይ 1 ቀን 1964 ሊነጋጋ ሲል ነው። ዓላማቸው የሳይንስ ተማሪ ያልሆነውም ኮምፒውተር እንዲጠቀም ነበርና እያንዳንዱን መስመር ከቁጥሩ ቀጥሎ በቁልፍ ቃል አስጀመሩት፤ ለቫሪያብል ዋጋ መስጠት እንኳ «ሌት»ን ይጠይቅ ነበር። ስም ያለው ፕሮሲጀር ግን አልነበራቸውም። «ጎሰብ 500» ማለት ቁጥሩ 500 ወደሆነው መስመር ሂድ፣ «ሪተርን» ስታገኝ ተመለስ ማለት ነው። ቁጥሩ እዚያ ምን እንደሚሠራ አይናገርም፤ አንባቢው ገጽ ገልጦ መስመሩን መፈለግ አለበት። ግሡ ግልጽ፣ ተጠሪው ግን ማንነቱ የማይታወቅ! በእኔ ግምት የቤዚክ የንባብ ችግር ሥሩ እዚህ ነው።

ከ1975 ወዲህ በመጡት ትንንሽ ኮምፒውተሮች ላይ ችግሩ ባሰ። ለአልቴር የተሠራው ቤዚክ በ4 ኪሎባይት ማስታወሻ ላይ እንዲሠራ የታሰበ ስለነበር እያንዳንዱ ፊደል ዋጋ ነበረው፤ «ሌት» ቢጻፍም ባይጻፍም የሚያስኬድ ሆነ። «ኮል» ደግሞ በአፕል 2 ላይ ሌላ ሥራ ያዘች፤ በማሽኑ ቋንቋ ወደተጻፈ አድራሻ የምትልክ ሆነች። «ኮል -151» የጻፈ ሰው ወደ ማሽኑ መቆጣጠሪያ ይገባ ነበር፤ የአስማት ቁጥር ካልተባለ በቀር ምን ይባላል? በ1981 የወጣው የሶፊ ዊልሰን ቢቢሲ ቤዚክ ግን ለፕሮሲጀር ስም ሰጠ፤ «ፕሮክ» የሚል ቅጥያም በስሙ መጀመሪያ ላይ በግዴታ አጣበቀ። ባጭሩ የዚህ ዘመን ትግል ከቁጥር ወደ ስም የመሸጋገር ነው።

ዋናው መታጠፊያ የ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ኬሜኒና ከርትዝ በየማሽኑ በተበራከቱት ቤዚኮች አዝነው በ1985 ትሩ ቤዚክን አወጡ፤ በእርሱ ዘንድ ሰብሩቲን የሚጠራው በ«ኮል» ብቻ ነው። የማይክሮሶፍቱ ኩዊክቤዚክ ፕሮሲጀሩ አስቀድሞ ከታወጀ ቃሏን መተው ፈቀደ። ነገር ግን ፈቃዱ ከአንድ ደንብ ጋር መጣ፦ «ኮል»ን ከጻፍህ ለፕሮሲጀሩ የምትሰጠውን ዋጋ በቅንፍ ክበበው፤ ከተውካት ቅንፉንም ተው።

በ1991 የተወለደው ቪዥዋል ቤዚክ ይህን ደንብ እንዳለ ወረሰ፤ ጣጣውም አብሮት መጣ። «ኮል»ን ትቶ ሁለት ዋጋዎችን በአንድ ቅንፍ የከበበ ሰው ወዲያው የስሕተት መልእክት ያገኛል፤ ይህ ቀላሉ ነው። «ጨምር (ደመወዝ)» ብሎ አንዱን ብቻ የከበበ ግን ምንም አይባልም። ቅንፉ እንደ ሒሳብ ቅንፍ ይቆጠርና ለፕሮሲጀሩ የሚደርሰው የቫሪያብሉ ቅጂ ይሆናል፤ «ጨምር» ያደረገው ለውጥ ቅጂው ላይ ይቀራል፣ ደመወዙም አይጨምርም። «ኮል»ን ሁልጊዜ መጻፍ አለብን ያሉ ፕሮግራመሮች፣ ሌሎች ትርፍ ቃል ነው ቢሏቸውም፣ ከጌጥ በላይ የሆነ ምክንያት ነበራቸው። ቃሏ ቅንፉን አንድ ትርጉም ብቻ ታስይዘዋለች፤ ኮዱን የሚወርሰው ባልደረባም መስመሩ ጥሪ መሆኑን በአንድ እይታ ያውቃል።

በ2002 የቪዥዋል ቤዚክ ተተኪ ቪቢ ዶት ኔት ሲመጣ ቅንፍ ለሁሉም ጥሪ መደበኛ ሆነ፤ ዋጋዎችም ካልተገለጸ በቀር በቅጂ መተላለፍ ጀመሩ። የቀድሞው ወጥመድ ሲዘጋ የ«ኮል» ዋና ጥቅምም አብሮ አለፈ። «ጎሰብ»ና «ሌት» ከቋንቋው ሲወጡ እርሷ ቀረች፤ የማይክሮሶፍት መመሪያ ግን ዛሬ የሚመክራት ጥሪው በስም በማይጀምርበት ብርቅ ቦታ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ከመመሪያው ጋር እስማማለሁ፤ «ደመወዝ_አስላ» የሚል ጥሩ ስም ያለው ፕሮሲጀር አጃቢ ግሥ አያሻውም።

በ1993 ወደ ኤክሴል የገባው የቪዥዋል ቤዚክ ዝርያ ቪቢኤ ግን የቀድሞውን ደንብ እንደያዘ እስከ ዛሬ ይሠራል። የደመወዝና የንብረት ሠንጠረዥ በማክሮ በሚዘጋጅባቸው ቢሮዎች ውስጥ የቅንፉ ወጥመድ ገና ክፍት ነው፤ በዚያ ኮድ ላይ «ኮል» ስትጻፍ ባይ አልቃወምም።