ከጥድ ወደ ባሕር ዛፍ፦ የእንጦጦ ተራራ ልብሱን የለወጠበት ታሪክ

የአንድ ኅብረተሰብ ታሪክ በነገሥታት ዜና መዋዕልና በጦር ሜዳ ውሎ ብቻ ተጽፎ አያልቅም። መሬቱ ምን ለብሶ እንደ ነበር፣ ማን እንደ ገፈፈውና ማን መልሶ እንዳለበሰውም የታሪኩ አካል ነው። ከዚህ አንጻር ሲታይ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን የተዘረጋው የእንጦጦ ተራራ ራሱን የቻለ መዝገብ ነው።

የዚያ ደጋ ተፈጥሯዊ ልብስ ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ነበር። ጥዱ የቤት ምሰሶና ማገር፣ ወይራው የእርሻ ዕቃና የእንስራ ማጠኛ፣ የኮሶው አበባ ደግሞ ጥሬ ሥጋ ለሚበላው ሕዝብ የትል መድኃኒት ሆኖ አገልግሏል። ከሥሩ የሚመነጩት እነ ቀበና ቁልቁል ወርደው ከአቃቂ ወንዝ፣ በአቃቂም በኩል ከአዋሽ ይቀላቀላሉ። ይህ ሁሉ አገልግሎት በገበያ ስለማይሸጥ ዋጋው በማንም መዝገብ አልሰፈረም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1870ዎቹ መናገሻቸውን በእንጦጦ አናት ላይ ተከሉ። ቆይቶም እቴጌ ጣይቱ በፍልውሃው ዙሪያ ባለው ሜዳ ስለ ተማረኩ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ቤተ መንግሥቱ፣ መኳንንቱ፣ ሠራዊቱና ነጋዴው በአንድ ስፍራ ሲከማች ምድጃው ሌሊትና ቀን አላረፈም። ዛፍ ተቆርጦ ቤት ተሠራ፤ ዛፍ ተቆርጦ እንጀራ ተጋገረ። የተተካ ግን አልነበረም።

በቀድሞው ልማድ የዚህ ችግር መፍትሔ ድንኳን ነቅሎ መሄድ ነበር። እንጨቱ ሲያልቅ መናገሻው ይዛወራል፤ የተራቆተው መሬት ግን ለአካባቢው ገበሬ ይቀራል። ምኒልክም ይህንኑ መንገድ በመከተል በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በአዲስ ዓለም ሌላ መናገሻ ማሠራት ጀመሩ። ያ ዕቅድ ሳይፈጸም የቀረበት አንዱ ዐቢይ ምክንያት ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው።

ከባሕር ማዶ የመጣ በመሆኑ ሕዝቡ ባሕር ዛፍ ያለው ይህ ተክል በ1887 ዓ.ም. ገደማ እንደ ገባ ይነገራል፤ ከመግባቱም ጋር የፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳይዬ ስም በስፋት ይነሣል። ፈጥኖ ያድጋል፤ ሲቆረጥም ጉቶው ያቆጠቁጣል። ቤተ መንግሥቱ ተከላውን ስላበረታታ ባለርስቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መሬቱን በባሕር ዛፍ ሸፈነ። ስትንከራተት የኖረችው ዋና ከተማም በቦታዋ ጸናች። የኢትዮጵያ ዘመናዊ የከተማ ኑሮ መሠረት ከተጣለባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ዛፍ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይሁን እንጂ የተራራው ልብስ ሲለወጥ የሚሰጠው አገልግሎትም አብሮ ተለወጠ። ማገዶና አጣና በዛ፤ ሌላው ግን ሳሳ። ከባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ሣርና ቁጥቋጦ እንደ ልብ አይበቅልም፤ ዛፉ ውኃ በብዛት ይጠጣል፤ አፈሩን ሊሸፍን የሚገባው የረገፈ ቅጠልም ለምጣድ እሳት ተጠርጎ ይወሰዳል። ስለዚህ የክረምቱ ዝናብ በዳገቱ ላይ ሰርጎ ምንጭ በመሆን ፈንታ አፈሩን ጠርጎ ወደ ከተማዋ ይወርዳል።

የዚህን ለውጥ ሸክም ኅብረተሰቡ በእኩልነት አልተካፈለውም። ባለርስቱ ከሽያጩ ሲከብር፣ እንጨቱንና ቅጠሉን በጀርባዋ ተሸክማ የእንጦጦን ቁልቁለት ለአሥርት ዓመታት የተመላለሰችው ድሀዋ ሴት ነበረች። በ1967 ዓ.ም. መሬት የሕዝብ ንብረት ሲሆን የባለርስቱ ጥቅም ተቋረጠ፤ ሸክሙ ግን ከሴትየዋ ጀርባ አልወረደም። የባለቤትነት ለውጥ ብቻውን የምድጃውን ጥያቄ እንደማይመልስ ይህ ግልጽ ምስክር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1997 ሮበርት ኮስታንዛና ባልደረቦቹ ተፈጥሮ ለሰው ልጅ በየዓመቱ የምትሰጠውን አገልግሎት በአማካይ 33 ትሪሊዮን ዶላር ገመቱ፤ ይህም በጊዜው ከነበረው የዓለም ጠቅላላ ምርት የሚልቅ ነበር። እንዲህ ያለው ስሌት ያልተመዘገበውን ዋጋ ለዓይን እንዲታይ ያደርጋል። ሆኖም ድምሩ ብቻውን ማን እንደ ተጠቀመና ማን እንደ ከፈለ አይናገርም። በእንጦጦ የማገዶው ዋጋ በየገበያው ሲጠራ፣ የደረቀው ምንጭ ዋጋ የተከፈለው ውኃ ፍለጋ ርቀው በሚሄዱ ሰዎች ጉልበት ነው።

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን ሌላ መንገድ መኖሩን ያሳያል። በትውፊት እንደሚነገረው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው ያስተከሉትና ያስጠበቁት ይህ ደን እስከ ዛሬ ቆሟል። በእንጦጦም ቢሆን አገር በቀሉን ዛፍ ለመመለስ ተከላ ተጀምሯል፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቷል። ለሽርሽር የሚወጣው ከተሜ በንጹሕ አየሩ መደሰቱ መልካም ነው። ጥዱ በእንጦጦ በዘላቂነት ሊጸና የሚችለው ግን እንጨት ተሸካሚዋ ሌላ እንጀራ፣ ከተማይቱም ሌላ እሳት ሲያገኙ ነው።